ጨዋታ እና ቁም ነገር፦ የቪዲዮ ጌም ሊጠና ይገባዋልን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

(በዚህ ዓምድ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ

የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ማስተማር ከጀመርሁ ዐሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው መንፈቀ ዓመት አንዲት ተማሪያችን የመመረቂያ ጽሑፏን በአንድ የቪዲዮ ጌም ላይ ለመሥራት እንድንፈቅድላት ማመልከቻ አስገባች። ማመልከቻው በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ ሲነበብ ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ አንድ ባልደረባዬም «ነገ ደግሞ በብይ ላይ እንጻፍ ሊሉን ነው» አለ። ጉዳዩ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይወስድ ውድቅ ሆነ። እኔ የተማሪዋ አማካሪ ሆኜ ሳለ አንድ ቃል ሳልናገር ተቀመጥሁ። ልጅቱ በኋላ በአንድ ልብ ወለድ ላይ ደኅና ጽሑፍ አቅርባ ተመርቃለች፤ የእኔ ዝምታ ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ዝም ያልሁት የምናገረው ስላልነበረኝ ነው። አሁን ልጠይቅዎ የምፈልገው ይህን ነው፦ የቪዲዮ ጌም በእርግጥ ከልብ ወለድና ከተውኔት እኩል ሊተችና ሊጠና የሚገባው ነገር ነውን? በዓለም ላይ ይህን የሚያደርጉ ምሁራን ካሉስ ምን አገኙ? ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ ግን ሌላ ነው፤ ልብ ወለድ ለእኔም ለተማሪዬም ያው አንድ መጽሐፍ ሲሆን፣ ጌም ግን እያንዳንዱ ተጫዋች በተጫወተው ቁጥር የሚለዋወጥ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ብሎ ነው ሰው የሚያነበው?

መልስ

ውድ መምህር፣ ከዝምታዎ በኋላም ነገሩን ሳይተዉት መቆየትዎን አከብራለሁ። መልሴ አዎን፣ ይገባዋል የሚል ነው፤ ለምን እንደሚገባው ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት የእኔ ምክንያት ስላልሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላስረዳዎ።

በስብሰባው ላይ ሳቅ ያስነሣው፣ እንደሚመስለኝ፣ ማንም ያላየው ያ ጌም ሳይሆን «ጨዋታ» የሚለው ቃል ነው። በአማርኛችን ጨዋታና ቁም ነገር ፊት ለፊት የቆሙ ናቸው፤ ሽማግሌ «ጨዋታውን ትተን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ» ሲል ሁላችንም ቀበቶ ጠበቅ፣ ፊት ኮስተር እናደርጋለን። ነገር ግን ይኸው አማርኛ ጨዋታን ለልጆች ብቻ አልተወውም። ቤታችን የመጣን እንግዳ «ተጫወት እንጂ» የምንለው ሐሳቡን እንዲያካፍለን ነው፤ «ጨዋታ ዐዋቂ» የምንለውም ነገር የሚያመጣ፣ የሰማውን አጣጥሞ የሚመልስ፣ የሰው ልብ የሚያነብ ሰው ነው። ቋንቋው ራሱ ጨዋታ ሁለት ሰዎች በደንብ የሚገናኙበት ስፍራ መሆኑን ያውቃል ማለት ነው።

ባልደረባዎ «በብይ ላይ» ያሉትም ቢሆን ለክርክሬ የሚጠቅም እንጂ የሚጎዳ አይደለም፤ ምክንያቱም በእኛው አገር ይህን የመሰለ ጥናት ከሃምሳ ዓመት በፊት ተሠርቷልና። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 ስለ ገበጣና በአፍሪካ ቀንድ ስለሚገኙት ዘመዶቹ ሰፊ ጥናት አሳትመዋል፤ በዚያው ዓመት የአገራችን የቀድሞ ቼዝ ስለሆነው ስለ ሰንጠረዥ ታሪክና ደንብ ሌላ ጽሑፍ አውጥተዋል። በዚያ ላይ የሳቀ ሰው መኖሩን አልሰማሁም። የእኛን ሰንጠረዥ ብቻ ይመልከቱ። በሌላው ዓለም ቼዝ ተጫዋቾች ከመጀመሪያዋ እርምጃ ጀምሮ ተራ ይጠብቃሉ። በሰንጠረዥ ግን «ወረራ» በሚባለው መክፈቻ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ፣ እጃቸው በቻለው ፍጥነት ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን መጫወቻ እስኪበላ ድረስ ሥርዐት የሚባል ነገር የለም፤ ተራ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ጎበዝ ተጫዋች በወረራው ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው በራሱ ሠራዊት ላይ ሳይሆን በባላጋራው እጅ ላይ ነው፤ ያኛው ሲያሰልፍ ይህኛው አፍርሶ እንደገና ያሰልፋል። እንግዲህ ይህ ደንብ ስለ ጦርነት አንድ ነገር ይናገራል፦ ውጊያ የሚባለው ነገር ገና ሳይጀመር ግማሹ እንዳለቀ፣ ማዘዝ ማለት አስቀድሞ የሌላውን ሐሳብ ማየት እንደሆነ። ይህን የሚነግረን አንድም ቃል፣ አንድም ሥዕል ሳይጠቀም ነው። በደንብ ብቻ ነው የሚነግረን።

የእኔ ምክንያት የሚጀምረውም ከዚህ ነው። የቪዲዮ ጌም ሊጠና የሚገባው ሥዕሉ ስላማረ፣ ሙዚቃው ስለጣመ ወይም ታሪኩ ልብ ወለድ ስለሚመስል አይደለም። ሥዕሉን ሠዓሊው፣ ሙዚቃውን ሙዚቀኛው፣ ታሪኩን ደራሲው ይበልጡታል። ጌም የራሱ የሆነ ነገር ያለው በደንቡ ላይ ነው፤ የሠራው ሰው ደንብ ያወጣል፣ እኛም በዚያ ደንብ ውስጥ ገብተን አንድ ነገር እናደርጋለን፤ ያደረግነው ነገርም ያስደስተናል፣ ያሳፍረናል ወይም ያስጨንቀናል። አንባቢ በገጸ ባሕርይ ሥራ ያፍራል፤ ተጫዋች ግን በገዛ እጁ ሥራ ነው የሚያፍረው። ይህን ልዩነት የሚያብራራ ሐያሲ ያስፈልገናል።

ምሁራኑ ምን እንዳገኙ ለጠየቁት፣ ሁሉን ልዘርዝር ብል ዓምዱ አይበቃኝምና አንድ ክርክር ብቻ ላንሣ። ቴትሪስን ያውቁት ይሆናል፤ ከላይ የሚወርዱትን ቅርጾች እያዟዟሩ ያለ ክፍተት መደርደር ነው። በ1984 ሞስኮ ውስጥ በሶቪየት የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒውተር ማእከል ይሠራ የነበረው አሌክሲ ፓጂትኖቭ ነው የፈጠረው። አሜሪካዊቷ ምሁር ጃኔት መሪ በ1997 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ጌም የ1990ዎቹ አሜሪካዊ በሥራ ተጣብቦ የሚኖረው ኑሮ ምስል አድርገው ተረጎሙት፤ አንዱን ሥራ ሳንጨርስ ሌላው ከላይ ይወርድብናል፣ ጠረጴዛችንን ጠርገን ሳንተነፍስ እንደገና ይሞላል እንደ ማለት። በ2001 በኤስፐን ኦርሴት ዋና አዘጋጅነት ለጌም ጥናት ብቻ የተቋቋመ የምሁራን መጽሔት ሲጀመር፣ ፊንላንዳዊው ማርኩ ኤስኬሊነን በመጀመሪያው እትም ላይ ይህን ትርጓሜ አጥብቀው ነቀፉት። ነቀፌታቸው የሌለ ታሪክ በጌሙ ላይ ተጫነበት፣ ጌሙ ራሱ ግን አልተመረመረም የሚል ነበር። ይህ ጠብ ለዓመታት የመስኩን ሰዎች ሁለት ጎራ አድርጎ አከራከራቸው።

እኔ ሁለቱም እኩል እኩሌታውን ያዩ ይመስለኛል። ኤስኬሊነን ልክ ናቸው፤ ከደንቡ ያልተነሣ ትርጓሜ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ነው። ነገር ግን ደንቡን ራሱን ብናየው የወይዘሮ መሪ ስሜት ከየት እንደመጣ ይገባናል። ቴትሪስ በተለመደው አጨዋወቱ ማሸነፊያ የለውም። ጎበዝ በሆንን መጠን ይፈጥንብናል፤ በትክክል የደረደርነው ረድፍ ይጠፋል፣ ያበላሸነው ግን ተከምሮ ይቀራል፤ መጨረሻውም ሁልጊዜ መሸነፍ ነው። ልፋቱ ደብዛው ጠፍቶ ስሕተቱ ብቻ ለሚታይበት ሠራተኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ደንቡን ጠንቅቆ ከማየት ወደ ትርጉም መድረስ ይቻላል፤ የተማሪዎ ጽሑፍም ይህን መንገድ ሊከተል ይችል ነበር።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄዎ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ። በ2013 ሉካስ ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ ለብቻው ሠርቶ ያወጣው ጌም አለ፤ ስሙ «ፔፐርስ፣ ፕሊዝ» ሲሆን «ሰነድዎን፣ እባክዎ» እንደ ማለት ነው። ዘመኑ 1982፣ አገሩ በልብ ወለድ የተፈጠረችው አርስቶትዝካ ናት። ተጫዋቹ በድንበር ኬላ መስኮት ውስጥ የሚቀመጥ የሰነድ መርማሪ ነው። ሰልፈኛው አንድ በአንድ ይመጣል፤ ፓስፖርቱን፣ ፈቃዱን፣ ፎቶግራፉንና ማኅተሙን እያመሳከሩ የመግቢያ ወይም የመከልከያ ማኅተም መምታት ነው ሥራው። ለእያንዳንዱ ሰው የሚከፈለው አምስት ሳንቲም ብቻ ነው። ማታ ቤት ሲገባ ኪራይ፣ ምግብና ማሞቂያ ይከፍላል፤ ካልበቃው ልጁ ይታመማል። ከተሳሳተ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስሕተቶች በቀን ውስጥ በማስጠንቀቂያ ይታለፉለታል፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ግን ከደመወዙ ይቆረጥበታል።

በአምስተኛው ቀን አንድ ሰው ይመጣል። ሰነዱ የተሟላ ነው። ሲያልፍ ቀጥላ የምትመጣው ባለቤቱ እንደሆነችና እንዲራራላት ይለምናል። እርሷ ስትመጣ የመግቢያ ፈቃድ የላትም፤ ከተመለሰች እንደሚገድሏት ትናገራለች። ደንቡ መልሳት ይላል። እኔ ይህን ጌም የእኅቴ ልጅ አስተምሮኝ ስጫወት በዚያ ቀን ሁለት ስሕተት ሠርቼ ጨርሼ ነበር፤ ሴትዮዋን ባሳልፋት ደመወዜ ሊቆረጥ ነው። እጄን ማኅተሙ ላይ አድርጌ የልጄን መድኃኒት ዋጋ ማስላት ጀመርሁ። ስሌቱን ስጨርስ ያሰላሁት ምን እንደሆነ ገባኝና ደነገጥሁ። በመጨረሻ አሳለፍኋት፤ በማግሥቱ ማለዳ ግን ካሳለፍኋት በኋላ ሌሎቹን ሰልፈኞች ይበልጥ ጨክኜ እንደመረመርኋቸው ትዝ አለኝ፤ የቆረጡብኝን ለማካካስ ነው።

ከእኛ መካከል በባዕድ ኤምባሲ መስኮት ፊት ዶሴ ታቅፎ ያልቆመ፣ ወይም የቆመ ዘመድ የሌለው ማን አለ? ስለዚያ መስኮት የጻፍነው ሁሉ ከውጭ ቆመን ያየነው ነው። ይህ ጌም ግን ወደ ውስጠኛው ወንበር ያስቀምጠናል፤ ጭካኔ ክፉ ሰው ሳያስፈልገው፣ በአምስት ሳንቲምና በሁለት ማስጠንቀቂያ ብቻ እንዴት እንደሚመረት በገዛ እጃችን እንድንሠራው ያደርገናል። ይህን በልብ ወለድ ማንበብ ይቻል ይሆናል፤ ስሌቱን ራስ ሆኖ ማስላት ግን ሌላ ዕውቀት ነው።

የእኅቴ ልጅ ሴትዮዋን መልሷታል። እርሱ ያነበበው ጌም ከእኔ የተለየ ነውን? ይህን ሲጠይቁኝ የሊቃውንቱ አንድምታ ትዝ አለኝ። የአንድምታ መምህር አንዱን ንባብ ይዞ «አንድም»፣ ደግሞም «አንድም» እያለ ትርጓሜውን ሲያበዛ ንባቡ አንድ መሆኑን አይስትም፤ ትርጓሜ የበዛው ንባቡ ስለላላ ሳይሆን ስለጠለቀ ነው። በጌምም የሚጸናው ንባብ ደንቡ ነው። እኔ ባሳልፋትም እርሱ ቢመልሳትም መስኮቱ፣ ክፍያውና ማስጠንቀቂያው ለሁለታችን አንድ ናቸው፤ የተለያየው ደንቡ ሁለታችንን ያደረሰበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሐያሲው የራሱን አጨዋወት ብቻ ተርኮ ማቆም የለበትም፤ ደንቡ የትኞቹን መንገዶች እንደከፈተ፣ የትኞቹን እንደዘጋ፣ የትኛውን ደግሞ ከፍቶ እንዳስወደደ ማሳየት አለበት። ተውኔት በየምሽቱ በሌላ ተዋናይ ሲታይ የተውኔት ጥናት አልፈረሰም።

አንድ ነገር ግን ግዴታ ነው፤ ሳይጫወቱ መተቸት አይቻልም። የታወቁት አሜሪካዊ የፊልም ሐያሲ ሮጀር ኢበርት በ2010 ጌም መቼም ጥበብ ሊሆን አይችልም ብለው ጽፈው ብዙ ሰው ተቆጣቸው። በዚያው ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ አቋማቸውን ሳይለውጡ፣ ነገር ግን ራሳቸው ሳይጫወቱ ያን መናገራቸው ስሕተት እንደነበር በግልጽ አመኑ። ለባልደረቦችዎ የምመኝላቸው ይህን ዓይነቱን ቅንነት ነው።

ኒው ዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ2012 ቴትሪስን ጨምሮ 14 ጌሞችን ለስብስቡ መያዙን፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2011 ጌሞች እንደ መጽሐፍ፣ እንደ ተውኔትና እንደ ፊልም ሐሳብ የሚያስተላልፉ ናቸው ብሎ ሕጋዊ ጥበቃ እንደሚገባቸው መወሰኑን ለስብሰባው ሊጠቅሱላቸው ይችላሉ። እኔ ግን ክርክሬን በእነዚህ ላይ አልጥለውም። ክብር በሙዚየም ወይም በፍርድ ቤት ቢሰጥም ማስተዋልን አይተካም። ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ የመጀመሪያው ማሳያ ቤት በሕዝቡ አፍ «ሰይጣን ቤት» ይባል ነበር፤ ኋላ ግን ኃይሌ ገሪማን የመሰለ ሰው ከዚህ አገር ወጥቶ ከ1975 ጀምሮ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አስተማረ። በመሐሉ ፊልሙን ከሰይጣኑ የለየው በጥንቃቄ ያየና ያየውን የተናገረ ሰው ነው።

ለእውነት ስል የባልደረቦችዎን ወገን የሚያጠናክሩ ሁለት ነገሮችንም አልደብቅዎትም። አንደኛው፣ የሚበዛው ጌም እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ይህ ግን ከልብ ወለድና ከግጥም መጽሐፍም የሚበዛው እንደዚያው ስለሆነ ብዙ አያስጨንቀኝም። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። መጽሐፍ በወመዘክር ይቀመጣል፤ ጌም ግን የሚሠራበት መሣሪያ ሲያረጅ አብሮ ይሞታል። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ለገበያ ከቀረቡት ጌሞች ውስጥ 87 በመቶ የሚሆኑት ዛሬ ተገዝተው የሚገኙ አይደሉም። ምርምር የሚጠቅሰው ምንጭ ተፈልጎ ካልተገኘ እንዴት ይመረመራል? ተማሪዎ ቢፈቀድላት ኖሮ መሣሪያውን፣ የጌሙን እትምና የተጫወተችበትን ሰዓት መዝግባ፣ ወሳኝ ክፍሎቹን በቪዲዮ ቀድታ ከጽሑፏ ጋር እንድታስረክብ ማድረግ ይገባ ነበር። የሚቀጥለው ተማሪ ሲመጣ ይህን ግዴታ በማመልከቻው ላይ አስጽፈው ወደ ስብሰባው ይግቡ፤ በሕጋዊ የጥናት ዘዴ ላይ የተመሠረተን ማመልከቻ በቀልድ መጣል ይከብዳል።

ጥያቄ

ወንድሜ፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የዐሥራ አራት ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ የእግር ኳሱን ጌም ይከፍታል፤ ለሊቱን ካልነጠቅሁት አይተኛም። በካርዴም ብዙ ገንዘብ አውጥቶብኛል። እናንተ የተማራችሁ ሰዎች ጌም የቁም ነገር ጥናት ይገባዋል ስትሉ ለእኔ ለእናቱ ልጁን አይዞህ ቀጥል ማለት አይሆንባችሁም?

መልስ

እኅቴ፣ ጭንቀትዎ ተገቢ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይጋራዎታል። በ2019 በጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ከጌም ጋር የተያያዘ የጤና መታወክ ተካትቷል። ምልክቶቹም ጨዋታውን መግታት አለመቻል፣ ከሌላው የሕይወት ጉዳይ ሁሉ ማስቀደምና ጉዳቱ እየታየ መቀጠል ሲሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 12 ወር የቆየ መሆን አለበት። ልጅዎ ከዚህ ደርሷል ብለው ከሠጉ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው እንጂ በመጽሔት ዓምድ የሚወሰን አይደለም።

ይሁን እንጂ ጥናት ምርቃት አይደለም። የሚጠና ነገር ሁሉ ደግ ቢሆን ኖሮ ወባን የሚያጠና ባልተገኘ ነበር። ልጅዎ በካርድዎ የገዛው፣ እንደምገምተው፣ ውስጡ ምን ተጫዋች እንዳለ ሳይታወቅ የሚከፈተውን ጥቅል ነው። ያ ጥቅል ከሎተሪ በምን ይለያል ብለው የጠየቁ ሰዎች ስለነበሩ ነው የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን በ2018 እንዲህ ያሉት ጥቅሎች የአገሪቱን የቁማር ሕግ ይጥሳሉ ብሎ የወሰነው፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያም የእግር ኳሱ ጌም አምራች በዚያ አገር ለጥቅሎቹ መግዣ የሚውለውን ሽያጭ አቆመ። ይህን ያስገኘው ጌሙን ንቆ ማለፍ ሳይሆን ደንቡን ፈትሾ ማየት ነው። የናቅነው ነገር እኛን ሳያስፈቅድ ልጆቻችንን ያሳድጋቸዋል።

ከመንጠቅዎ በፊት አንድ ማታ አጠገቡ ይቀመጡና ጥቅል ሲከፍት ይመልከቱት። ብርሃኑን፣ ድምፁን፣ ካርዱ ከመገለጡ በፊት ያለችውን የመዘግየት ቅጽበት ልብ ይበሉ፤ ከዚያ «ይህን ያዘገዩት ለምን ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁት። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ እየተታለለ መሆኑን ከእናቱ ሲሰማ ይቆጣል፤ ራሱ ሲደርስበት ግን ይነቃል። የባንክ ካርድዎን ቁጥር ግን ዛሬውኑ ከመሣሪያው ላይ ያጥፉት።

ጥያቄ

ጋሼ፣ ሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ያደግሁት አዳማ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ነው ብል አልዋሽም። ስለ ጌም በአማርኛ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ግን እኛ የተጫወትነው ኳስ ብቻ ስለሆነ የሚጻፍበት ነገር ያለን አይመስለኝም። ቃላቱም ሁሉ እንግሊዝኛ ናቸው። ከየት ልጀምር?

መልስ

ወንድሜ፣ ከዚያው ከፕሌይስቴሽን ቤቱ ጀምር። ሌላ ሰው ሊጽፈው የማይችል ነገር በእጅህ ይዘህ የለኝም ትላለህ። ስለ ጌም የተጻፈው አብዛኛው ምርምር አንድ ሰው በቤቱ፣ በገዛ መሣሪያው ብቻውን ሲጫወት እያሰበ የተጻፈ ነው። አንተ የምታውቀው ግን ሌላ ጨዋታ ነው፦ ተሸናፊ ጆይስቲኩን የሚያስረክብበት፣ አሸናፊ የሚቆይበት፣ ከኋላ የቆሙት የሚፈርዱበትና የሚያሰለጥኑበት፣ ገንዘብ የሌለው ልጅ ለሰዓታት በማየት ብቻ ጎበዝ የሚሆንበት። በዚያ ቤት ውስጥ ሁለት ደንብ አብሮ ይሠራል፤ አንዱን የጻፈው አምራቹ ነው፣ ሌላውን የጻፈው ሰፈሩ ነው። መሸነፍ ማለት ወንበር መልቀቅ ሲሆን ሰው እንዴት ይጫወታል? ይከላከላል ወይስ ያጠቃል? ጀማሪ ልጅ የሚማረው ከማን ነው? ይህን በትክክል ብትጽፈው የትም አገር ያለ የመስኩ ተመራማሪ ሊያነበው የሚፈልገው ነገር ይሆናል።

ኳስ ብቻ ነው ያልኸውም አያሳፍርም። በዚያ ጌም ውስጥ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የሉም። አዳማ ከተማን ስታዲየም ገብቶ የሚደግፍ ልጅ ጆይስቲክ ሲይዝ የግድ የለንደን ወይም የማንቸስተር ሰው ይሆናል። ምርጫ የሚመስለው ነገር እንዲህ አስቀድሞ ተመርጦ ሲቀርብ ተጫዋቹ ይሰማዋል ወይስ ለምዶታል? እኔ መልሱን ከአንተ መስማት እፈልጋለሁ። ከአገር ውስጥ ሥራዎችም አትራቅ፤ ቅኔ ጌምስ በአዲስ አበባ የሠራውን «ኩኩሉ»ን ተመልከት፤ ወጥ ሊሠራት ከሚያሳድዳት ገበሬ የምትሸሽ ዶሮ ናት። እንዲህ ያለው የሩጫ ጌም በሌላውም ዓለም የተለመደ ነው፤ የተለመደው ደንብ በእኛ ግቢና በእኛ ዶሮ ሲሞላ አንድ ነገር ይለወጣል ወይስ ልብሱ ብቻ ነው የተቀየረው? በአድናቆት ብቻ አትለፈው፤ የአገር ልጅ ሥራ ከሁሉ ይልቅ እውነተኛ ሐያሲ ያሻዋል።

ስለ ቃላቱ አትጨነቅ። ጌም፣ ጆይስቲክ፣ ፕሌይስቴሽን አማርኛ ሆነው አብቅተዋል፤ ለእነርሱ አዲስ ቃል መፍጠር ጊዜ ማባከን ነው። ድካምህን በግሦች ላይ አድርግ፤ አማርኛ የሚያይለው በግሥ ነውና። ጌሙ ምን ያስደርግሃል? ያስሮጥሃል፣ ያስጠብቅሃል፣ ያስሰርቅሃል፣ ያስመርጥሃል? ይህ «ያስ-» የሚለው አነጋገራችን ለጌም ሒስ የተበጀ ይመስላል፤ አድራጊውና አስደራጊው ተጣምረው በአንድ ቃል ውስጥ ይታያሉ። መጀመሪያ አንድ ገጽ ሙሉ ግሥ ብቻ ጻፍ፤ ማማሩን፣ ማስጠላቱን፣ ጥበብ መሆን አለመሆኑን በዚያ ገጽ ላይ አታንሣ። ከዚያ ጌሙን እንደገና ተጫወተው፤ በመጀመሪያው ጊዜ ያላደረግኸውን ሆን ብለህ አድርግና ደንቡ እንዴት እንደሚመልስልህ መዝግብ። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ስታስቀምጥ ጽሑፍህ ከየት እንደሚጀምር ታየዋለህ። ሲያልቅ ወደዚህ ዓምድ ላክልኝ፤ አነበዋለሁ፣ የጻፍህበትን ጌምም ሳልጫወት አስተያየት አልሰጥህም።